ጤፍ ከአውድማ እስከ ምጣድ

የጤፍ ዋጋ በተሰቀለ ቁጥር ጣት የሚቀሰርበት ሰው አለ፤ ደላላው። የሸማቹ ንዴት ይገባኛል። ነገር ግን ጤፍ ከምሥራቅ ጎጃም ወይም ከአደአ አውድማ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪጋገር ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ የተከተለ ሰው ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ሆኖ ያገኘዋል።

አጨዳው በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከውቂያው በኋላ ገበያው በጤፍ ይጥለቀለቃል፤ ግብር የሚከፍል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ወይም ልጅ የሚድር ገበሬ በዚያው ሰሞን በርካሽ ይሸጣል። አቅም ያለው ግን ጎተራውን ይዘጋል። የጤፍ ቅንጣት ከማነሷ የተነሣ ነቀዝ አይደፍራትም፤ ደረቅ ቦታ ካገኘች ዓመታት ትቆያለች። በቆሎ የዘራ ጎረቤቱ ለዚህ አልታደለም። ስለዚህ ጤፍ ለገበሬው የባንክ ደብተሩ ነው፤ ሲቸግረው አንድ ኩንታል፣ ለበዓል ግማሽ እያለ ያወጣል።

በገበያ ቀን አህያ ጭኖ የመጣውን የሚቀበለው ሰብሳቢው ነው። ከየሰዉ ጥቂት ጥቂት ገዝቶ መጋዘንና ጆንያ ላለው የከተማ ነጋዴ ያስረክባል፤ ነጋዴው አይሱዙ ተከራይቶ ይጭናል። ከጎጃም የተነሣ ጭነት የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አቅልሎታል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን ዛሬም ፍሬንና ነዳጅ ይበላል። ኬላም አለ። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተተመነ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ እህል በግል ማዘዋወርም ጥብቅ ቁጥጥር ነበረበት። የእህል ንግድ የተለቀቀው በ1982 ዓ.ም. ነው። ኬላው ግን ከነአካቴው አልጠፋም፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጸጥታ ሲደፈርስ መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ ዋጋው ገበሬው ደጅ ይወድቃል፣ ሸማቹ ደጅ ይሰቀላል።

መኪናው የአዲስ አበባ የእህል ገበያ የሆነው እህል በረንዳ ሲደርስ ባለጭነቱ ብዙ ጊዜ አብሮ የለም። የሚረከበው ደላላው ነው። ናሙናውን በመዳፉ ይዞ ያያል፦ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው ወይስ ቀይ? አሸዋ አለው? ዋጋ ይናገራል፣ ገዢ ያገናኛል፣ ከኩንታሉ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ገንዘቡን ክፍለ ሀገር ላለው ነጋዴ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በስልክና በቃል ነው፤ ዋስትናው የደላላው ስም ነው። እሌኒ ገብረመድኅን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህንኑ የእህል ድለላ ነበር፤ ደላላው የማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ ለመፈላለግ የሚያወጡትን ወጪ እንደሚቀንስም አሳይተዋል። በኋላ የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋናው ሐሳብ እህል ነበር፤ የገነነው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው። ጤፍ በረንዳው ላይ ቀረ።

ከበረንዳው ቀጥሎ ያለችው ጣቢያ ወፍጮ ቤት ናት። በኪሎ ትሸጣለች፣ ታስነፋለች፣ ትፈጫለች። ብዙ የከተማ ቤተሰብ አሁን እሷንም ዘልሎ የተጋገረ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። ባሕር ማዶ ላለው ወገናችንም እንዲሁ ነው፤ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ1998 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ለዓመታት በአውሮፕላን ዋሽንግተን ሲደርስ የነበረው እንጀራው ነው። እዚያው የሚጋግሩት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆን በመሰለ ግዛት የበቀለ ጤፍ ያገኛሉ።

የሸማቾች ማኅበራት ከገበሬ ዩኒየኖች በቀጥታ ሲገዙ ደስ ይለኛል፤ ችግሩ ጤፉ ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ደላላው ያተርፋል፣ ዋጋ የሚያዛባም አለበት። እሱን ለማስቀረት ግን ስድብ አይበቃም፤ ጤፉን አይቶ ደረጃ የሚሰጥ፣ ገንዘቡንም ለሩቁ ሻጭ የሚያደርስ ተቋም መኖር አለበት። በእህል በረንዳ ስፋት ይህን የሚሠራ ተቋም ገና አልቆመም።