የውጅግራ መቀርቀሪያ

ደባርቅ ላይ ስለ ጠመንጃ ጨዋታ ቢነሳ ወጣቱ ክላሽ ይላል፤ ዕድሜው የገፋው ምንሽርና አልቢን ይጠራል። ውጅግራ የሚነሳው በቀረርቶና በፉከራ ጊዜ ነው፤ እሱም ለዜማው ሲባል እንጂ መሣሪያውን የሚያውቀው በዝቶ አይደለም። ዛሬ ብዙው ሰው የግድግዳ ጌጥ አድርጎ ያየዋል። ሳይገባው የተናቀ ጠመንጃ ነው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ፈረንሳያዊው መኮንን ባዚል ግራ ነደፈው፤ የአገሩ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. ታጠቀው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ሲሆን የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ሌቤል የተባለውን ባለ ብዙ ጥይት ስትይዝ አሮጌው ከመጋዘን ወጣ፤ ነጋዴዎች እየገዙ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ አስገቡት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር።

ደባርቅ ያለችበት ስሜን ለነፍጥ እንግዳ አገር አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በዘመናቸው ነፍጥ በማከማቸት ስማቸው የገነነ ነበር፤ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሲሆኑ ያ ሁሉ መሣሪያ በዚያው በደረስጌ ማርያም ለነገሡት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ከደባርቅ አጠገብ ያለው የወልቅፊት ምሽግ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ በጠላት እጅ ቆይቶ ነው የወደቀው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠመንጃ ይማረካል፣ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይሰበራል። ሁለት ሦስት ስብርባሪ ተፈትቶ አንድ የሚተኩስ ይወጣዋል።

ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። «ውጅግራ ከሆነ የአንዱ መቀርቀሪያ ለሌላው ይገጥማል» የሚባል እምነት አለ። ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ዳባት አካባቢ አንድ አዛውንት ቤት የሚታየው ጠመንጃ ጥሩ ማስረጃ ነው። በርሜሉ ሥር አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ተመትቷል፤ መቀርቀሪያው ላይ ያለው ፊደልም ቁጥሩም ሌላ ነው። ፋብሪካው የአንዱን ጠመንጃ ዋና ዋና ብልቶች በአንድ ቁጥር ይመታ ስለነበር እነዚህ ሁለቱ የተገናኙት ከጊዜ በኋላ መሆኑ አያጠራጥርም። መቀርቀሪያው ወደፊት ይሄዳል፤ እጀታው ግን ወደ ቀኝ ሲጋደም መጨረሻው ሳይደርስ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። በእጀታው ሥር ያለው ብረት ከሌላው ተለይቶ ያብረቀርቃል፤ አንድ ሰው ሞረድ ይዞ «ሊያስተካክለው» ሞክሯል ማለት ነው።

ከቦታው ሁሉ እዚያ መሞረዱ ነው ጉዱ! ከውጅግራ በኋላ የመጡት ምንሽርን የመሳሰሉ ጠመንጃዎች መቀርቀሪያቸው ፊት ለፊት ባሉ ጥርሶች ይቆለፋል። ውጅግራ ግን ጥርስ የለውም፤ ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል ሁሉ የሚሸከመው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። እሱ ከተሞረደ መቀርቀሪያው ያለ ችግር ይዘጋል፤ ባለቤቱም «ገጠመ!» ብሎ ይደሰታል። የገጠመው ግን ለዓይን ነው። በጥይቱ ቂጥና በመቀርቀሪያው ፊት መካከል ክፍተት ተፈጥሯል፤ ያን ጊዜ የነሐሱ ቀለህ ተለጥጦ ሊቀደድና የሚነደው ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመለስ ይችላል። መዝጋት ሌላ፣ መግጠም ሌላ።

ብልቶቹ ለምን አይስማሙም ቢባል፣ ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካው ማላከክ ተገቢ አይደለም። ፈረንሳዮች ተለዋዋጭ ብልት የመሥራትን ሐሳብ ቀደም ብለው ሞክረውታል፤ ኦኖሬ ብላን የተባለው ጠመንጃ ሠሪ በ1785 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊው ቶማስ ጄፈርሰን አሳይቶት ነበር። ውጅግራም አዲስ ሳለ የማሽን ሥራ ነው። ነገር ግን አንዱ ጠመንጃ መቶ ጊዜ፣ ሌላው ሺህ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ የሁለቱ ብረት የሚያልቀው እኩል አይደለም። በዚያ ላይ ውጅግራ ተብሎ የሚጠራው ሁሉ ሲወለድ ውጅግራ አልነበረም። ከፊሉ የ1866ቱ ሻስፖ ነው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ ይጎርስ የነበረው። ኋላ ላይ የበርሜሉ ጓዳ ተቦርቡሮ፣ የነሐስ ጥይት እንዲይዝ ሌላ የብረት እጅጌ ገብቶበት ተለወጠ። ብረቱ ላይ «ኤም 80» የሚል ምልክት ያለበት ደግሞ በ1880 እ.ኤ.አ. ጋዝ ማስተንፈሻ ቦይ የተጨመረለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ ብልቱን ማደባለቅ፣ ወንድማማች ናቸው ተብሎ የአንዱን ጫማ ለሌላው እንደ ማጥለቅ ነው።

የሰደፉ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ የአገሬው እጅ መመስገን አለበት። እንጨቱ አንገቱ ላይ ሲሰበር እርጥብ ጠፍር ይጠመጠምበታል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ስንጥቁን አጥብቆ ይይዘዋል። የነሐስ ሽቦ የተጠመጠመበትም አለ። የተኮማተረ ጠፍር ቢላላ ሌላ ይጠመጠማል፤ የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም።

ስለ ጥይቱም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ የኢትዮጵያ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ቀለሁም አይጣልም፤ እንደገና ይሞላል። በተደጋጋሚ የተሞላ ቀለህ ደግሞ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከማያስተማምን መቀርቀሪያ ጋር ሲገናኝ አደጋው ድርብ ይሆናል።

ዛሬ ይህን ጠመንጃ ለመተኮስ የሚያበቃ ምክንያት የለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ጠመንጃ መያዝ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ በሞረድ መነካካትም የማንም ሰው ሥራ አይደለም። ከሞረዱ እኩል የሚያሳዝነው ግን አሸዋው ነው። ለበዓል ሲባል ብረቱን በአሸዋ እየፈተጉ የሚያነጡ ቤቶች አሉ። የሚጠፋው ዝገት ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃው የት ፋብሪካ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ፣ የትኛው ብልት የራሱ፣ የትኛው የሰው መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። የአያቱ ውጅግራ ያለው ሰው አሸዋውን ይተውና፣ መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጥ፤ ከዚያ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርጎ በበርሜሉ፣ በመቀርቀሪያውና በሰደፉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይገልብጣቸው።