የባሕር ዳር አውራጃ ግዛት ታሪክ፤ ስለ ርስትና ስለ ግብር

አገርን በደኅና ለማስተዳደርና እርሻን ለማስፋፋት የሚሻ ሹም፥ አስቀድሞ ያ አገር በምን ሥርዓት ይተዳደር እንደ ነበረ፥ መሬቱም በማን እጅ እንደ ነበረ ሊመረምር ይገባዋል። ከጣና ባሕር በስተ ደቡብ የነበረው የባሕር ዳር አውራጃ ግዛት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ባይሆንም፥ ታሪኩ ለአገረ ገዢዎችና ለባለ ርስቶች ትምህርት የሚሆን ነው።

ባሕር ዳር ጥንት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበ መንደር ነበረ። ደገኛው ጤፍና ዳጉሳ፥ ኑግም ያርሳል፤ የዘጌ ሰው ግን መሬቱን በበሬ ሳያርስ፥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ ያለማል። ባሕሩንም ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይሻገሩበት ነበር።

የመሬቱ ሥሪት ርስትና ጉልት ነበረ። ርስት ከአንድ አቅኚ አባት የተወለዱ ሁሉ በትውልድ ቈጠራ የሚካፈሉት ነበረ፤ ጉልት ግን ግብር የመቀበል መብት ሲሆን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመኳንንት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ርስቱን እንደ አጥንቱ ይቈጥረው ነበር።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለ፤ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስ ርእሰ ከተማው በሆነው በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፥ በተለካው አገር አንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፥ ለም ጠፍ 40፥ ጠፍ 15 ብር እንዲከፍል ሲወሰን፥ የጎጃም መሬት ግን ሳይለካ በቀድሞው ልማድ መገበሩን ቀጠለ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በጎጃም ብዙ ወረዳዎች ዐመፅ ተነሣ። ምክንያቱ የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ አዝመራውን የሚገምት ነገ መሬቱን ይለካል፥ የተለካም ርስት ይወሰዳል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ነው። በሹማምንት ላይ የነበረውም ቅሬታ እሳቱን አባባሰው። መንግሥት ጦር ላከ፤ ኋላ ግን እንደራሴው ተነሡ፥ ግብሩም በጎጃም ሳይፈጸም ቀረ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ርስትም ጉልትም ቀረ፤ በ800 ሄክታርም አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አስተዳደሩ በክልልና በወረዳ ሲደራጅ አውራጃው ፈረሰ፤ የባሕር ዳር ከተማ ግን የአማራ ክልል መቀመጫ ሆነች።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ገበሬ መሬቱ የማይነጠቅ መሆኑን ሳያምን ልኬታም ሆነ ግምት ቢጀመርበት፥ በጎውን ሐሳብ እንኳ በክፉ ይተረጕመዋል። አስቀድሞ ማስረዳት፥ ኋላ መለካት የሹም ብልኅነት ነው።