ድረ ገጽና ገበዙ

በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ፣ ድረ ገጽ ለማሠራት ወደ እኛ የሚመጣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ሁሉ ዘወትር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስንት ይፈጃል፣ መቼስ ይደርሳል የሚል ነው። ከሁለቱ የሚበልጠውን ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም ሥራው ተፈጽሞ እኛ ከተሰናበትን በኋላ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን፣ የሚያነሣ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ሙያ የምንተዳደር ባልንጀሮች ስንገናኝ ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያዎቹ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ቢሆንም፣ ነገሩን ወደ ሥሩ ስንወስደው ተመልሶ የሚያርፈው በዚያው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ መሆኑን ስላስተዋልሁ፣ ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። የይዘት አስተዳደር ሥርዓት የምንለው መሣሪያ ጽሑፉንና ፎቶግራፉን በመረጃ ቋት አኑሮ፣ የገጹንም መልክ ለብቻው አዘጋጅቶ፣ የኮድ ትምህርት የሌለው የቢሮ ጸሐፊ እንኳ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ እንዲያወጣ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ሁሉ በስፋት የሚሠራበት ዎርድፕሬስ ሲሆን፣ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ የሚበልጡት በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። አወላለዱም ለያዝነው ጉዳይ ትምህርት አለው፤ ሚሼል ቫልድሪጊ የጀመረው ቢቱ የተባለ ፕሮግራም ጠባቂ አጥቶ ቆሞ በነበረ ጊዜ፣ አሜሪካዊው ማት ሙለንዌግና እንግሊዛዊው ማይክ ሊትል የተተወውን ሥራ አንሥተው በማደስ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2003 የመጀመሪያውን ዎርድፕሬስ አወጡ። ይህንንም ለማድረግ የማንንም ደጅ አልጠኑም፤ ቢቱ የሚታደልበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ፕሮግራሙን መጠቀምን፣ ውስጡን መመርመርን፣ ማሻሻልንና ለሌላ ማካፈልን ለማንም ሰው የሚፈቅድ ነበርና።

ጁምላ የተባለው ሌላ መሣሪያም እንዲሁ በ2005 እ.ኤ.አ. ማምቦ የተባለው ፕሮግራም ሠሪዎች ስሙን ከያዘው ኩባንያ ጋር በአስተዳደሩ ባለመስማማታቸው ኮዱን ይዘው በመለየት የመሠረቱት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙለንዌግና ደብሊውፒ ኤንጂን የተባለው ኩባንያ ተጣልተው ነገራቸው ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ጠቡ የማይመለከታቸው ብዙ ድረ ገጾች ይገለገሉበት የነበረው አንድ ፕለጊን (በዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ከሠሪዎቹ ፈቃድ ውጭ በሌላ እጅ ሲገባ አይተናል። ኮዱ ለሁሉም ለተፈቀደ ክፍት ምንጭ ሥራ የተሰጠው ትልቁ ጸጋ እንግዲህ ጠባቂው ቢጠፋ ሌላ ጠባቂ ሊነሣለት መቻሉ ነው፤ ጠባቂ ሳይኖረው መኖር ግን አይችልም።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንዋየ ቅድሳቱን፣ መጻሕፍቱንና አልባሳቱን ቈጥሮ የሚረከብ፣ ቈጥሮም የሚያስረክብ፣ ቁልፉንም የሚይዝ ገበዝ የሚባል ሹም አለ። አለቃው ቢለወጥ፣ ካህናቱም ቢዛወሩ፣ ዕቃው በገበዙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ለድረ ገጽም የሚያስፈልገው እንደዚህ ያለ ሰው ነው። እኛ ባለሙያዎቹ ሠርተን የምናስረክበው አለን፤ ቈጥሮ የሚረከበን ግን የለም።

የዚህ ጉድለት መዘዝ በመጀመሪያ የሚታየው በጥበቃ በኩል ነው። ዎርድፕሬስ በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.7 እትም ወዲህ ጥቃቅን የደኅንነት እርማቶችን በራሱ ይቀበላል፤ ፕለጊኖቹና የገጹን መልክ የሚሰጡት ገጽታዎች ግን አስተዳዳሪው ካላዘዘላቸው በቀር ባረጀው እትማቸው ተኝተው ይቀራሉ፤ የዓለም ሌባም የሚገባው በዚህ በተረሳው ቀዳዳ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዳንድ የሙያ ባልንጀሮቻችን ገንዘብ የሚከፈልበትን ገጽታ ቁልፉ ከተሰበረበት ቦታ በነጻ አውርደው ለደንበኛ መጫናቸው ነው። በነጻ በታደለ መሣሪያ ላይ የተሰረቀ ዕቃ መጨመር በምግባር በኩል ነውር መሆኑ ሳይበቃ፣ እንዲህ ያለው ገጽታ ከሠሪው እርማት የማይደርሰው፣ ብዙ ጊዜም የሌባውን መግቢያ በሆዱ ይዞ የሚመጣ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም በጉግል ሲፈለግ የቁማር ማስታወቂያ ብቅ ሲል፣ ርእሰ መምህሩ ይደነግጣሉ፤ የሠራውም ሰው ስልኩን አያነሣም።

ወደ መሣሪያ ምርጫ ስንመለስ፣ በወለጋ ከተሞች ክርክሩን የሚያከብደው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዚህ አገር የሚሠራ ድረ ገጽ አፋን ኦሮሞን በላቲን ፊደሉ በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛንም ለውጭ ሰው ይዞ መገኘት ይገባዋል። ድሩፓል የተባለው መሣሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ስምንተኛ እትሙ ጀምሮ፣ ጁምላም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ብዙ ቋንቋ የማስተናገድን ችሎታ በውስጣቸው ይዘው የተገኙ ሲሆኑ፣ ዎርድፕሬስ ግን ለዚሁ እንደ ፖሊላንግ ያለ ፕለጊን ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ ድሩፓልን የሚመርጡ ባልንጀሮቼ በጥበቡ ረገድ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ለአነስተኛ ተቋም ዎርድፕሬስን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም አንድ ነው። እኔ ብሞት ወይም ወደ ሌላ አገር ብሄድ፣ ሥራውን ተቀብሎ የሚቀጥል ወጣት በነቀምቴ ውስጥ በቶሎ የሚገኘው ለዎርድፕሬስ ነው። በጥበቡ የሚበልጥ ሆኖ የሚያውቀው ሰው የሌለ መሣሪያ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንም ሊከፍተው የማይችል ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

የቋንቋው ነገር በወለጋ የቆየ ታሪክ ያለው ነው። ከባርነት ነጻ የወጡት አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በአፋን ኦሮሞ የተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ አናሲሞስም በኋላ ወደ ነቀምቴ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ በ1923 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሆኗል። ማተሚያው በባሕር ማዶ በነበረበት በዚያ ዘመን የእነዚያ ሰዎች ድካም ቃሉን በመሰብሰብና በማቅናት ላይ ነበር። ዛሬ ማተሚያው በነጻ ቤታችን ድረስ መጥቶ ሳለ፣ ደንበኞቻችን የሚሰጡን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ የቆየ ብሮሹር ላይ የተገለበጠ፣ በሦስቱም ቋንቋዎች የማይተባበር ሆኖ መገኘቱ ያሳዝናል።

የፊደሉም ሥራ የራሱ ምሥጢር አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ያኖረው ስለ ነበር፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር የተቀመጠው የቆየ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ዩኒኮድ ለውጦ ቃል በቃል ማረም ግድ ነው። ዎርድፕሬስ ደግሞ ከርእሱ ተነሥቶ የገጹን አድራሻ ሲያበጅ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በዘጠኝ ምልክት ስለሚጽፈውና ለአድራሻው የተወሰነው ቦታ 200 ምልክት ስለ ሆነ፣ ከ22 ፊደል የሚበልጥ የአማርኛ ርእስ አድራሻው በመካከሉ ተቈርጦ ይቀራል፤ በቴሌግራም ሲላክም ማንም የማያነበው የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ሰንሰለት ይሆናል። ስለዚህ ርእሱን በአማርኛ ትቶ አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል በእጅ መጻፍ ይገባል። በቁቤም በኩል የሁድሃ (') ምልክት በስልክ ሲጻፍ ቀጥ ያለ፣ በማይክሮሶፍት ወርድ ሲጻፍ ደግሞ ጐባጣ ሆኖ ስለሚገባ፣ አንዱ ቃል በሁለት መልክ ይቀመጥና ፍለጋውን ያሳስታል፤ የአማርኛው ሀ፣ ሐ እና ኀ የሚያመጡትም መከራ ይኸው ነው። እነዚህን ነገሮች ጠንቅቆ የሚያውቅና ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ አንድ ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፣ ድረ ገጹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይበላሻል።

ቁልፉን ስለ መያዝም ጥቂት ልናገር። ዎርድፕሬስ ለተጠቃሚዎቹ አስተዳዳሪ፣ አርታኢ፣ ደራሲ፣ አበርካችና ተመዝጋቢ የሚል ማዕርግ አዘጋጅቷል፤ በእኛ አገር ግን ፎቶግራፍ የሚጭነው ተለማማጅ ጭምር ሁሉም አስተዳዳሪ ነው። የድረ ገጹ አድራሻ የሆነው የዶሜን ስምም ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በተቋሙ ሳይሆን በሠሪው ወይም በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ስም ነው፤ የዓመቱ ክፍያ በዶላር የሚፈጸም ሲሆን፣ የውጭ የባንክ ካርድ ያለው በአገር ውስጥ ጥቂት ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ በብር ሲታሰብ ይህ ወጪ ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ በበጀት ያልያዘው ተቋም ስሙን ሳያድስ ቀርቶ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር የሚመዘገበው ነጥብ ኢቲ አድራሻ ለዚህ ደኅና መፍትሔ ነው፤ ሠሪው ማንም ይሁን ማን፣ ምዝገባው በተቋሙ ስምና በተቋሙ ኢሜይል ይሁን።

የኔትወርኩን ነገር የወለጋ ሰው አይረሳውም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ድረ ገጹ በሩቅ ሰርቨር ላይ ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ባለቤቱ ግን ሊደርስበት አይችልም። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመረጃ ቋቱና የፋይሎቹ ሙሉ ቅጂ በተቋሙ መዝገብ ቤት በሃርድ ዲስክ በየጊዜው እየተቀመጠ ይኑር። ሁለተኛ፣ ገጹ በደካማ መስመር፣ በትንሽ ስልክና በጥቂት ሜጋባይት የሚከፈት ይሁን፤ በእጅ እየተጎተቱ በሚሠሩ የገጽ መሥሪያ ፕለጊኖችና ባልተቀነሱ ፎቶግራፎች የተጫነ ገጽ በአዲስ አበባ ቢያምርም፣ በመንዲና በነጆ ሳይከፈት ይቀራል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የቴሌግራም ቻናል አይበቃንም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ዘወትር ይቀርብልናል። ለዕለት ማስታወቂያ በእርግጥ ይበቃል፤ ነገር ግን የተቋም ዜና መዋዕል በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ አይቀመጥም፤ ከዓመታት በፊት የወጣንም ነገር በቴሌግራም ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂና የአርትስ ምርምር መጽሔት በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ መገኘቱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ያ ድረ ገጽ የቆመው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ በተባለ ክፍት ምንጭ መሣሪያ ላይ ሲሆን፣ ጽሑፎቹ በቅጽና በቁጥር ተሰድረው ዛሬም የሚነበቡት ቋሚ ጠባቂዎች ስላሉት ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚታወቀው የወለጋ ቡናም ቋሚ ጠባቂ ያለው ድረ ገጽ ይሻል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጥበቃ ሕግ፣ የአፈጻጸሙ ቀን ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማስመዝገብን ያዛል። ድረ ገጽ ሕጉን በቡና ገበሬዎች ማኅበር ፈንታ አይፈጽምም፤ ሆኖም ገዢው ማኅበሩን፣ አድራሻውንና መዝገቡን ፈልጎ የሚያገኝበት በር እርሱ ነው።

ስለዚህ ድረ ገጽ ለማሠራት ያሰባችሁ የወለጋ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ማኅበራት ኃላፊዎች ሆይ፣ የገጹን ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ገበዙን ምረጡ። በደብዳቤ ይሾም፤ በሳምንት የታወቀ የሥራ ሰዓት ይሰጠው፤ የይለፍ ቃሎቹ፣ የዶሜኑና የሆስቲንጉ (የሰርቨር ኪራዩ) ውል ታሽገው በመዝገብ ቤት ይቀመጡ፤ የዕድሳቱ ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ይያዝ፤ ሰውየው ሲለወጥም ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይፈጸም። የሙያ ባልንጀሮቼም ይህ ሳይሟላ ሥራ አንረከብም፣ አናስረክብምም ብንል ለስማችን ክብር ነው። ይህን ለማድረግ ፈቃድ የሌለው ተቋም ግን ድረ ገጹን ባያሠራ ይሻለዋል፤ በገንዘቡም ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ይግዛበት።