የአሮጌ ቤቶቻችን ኤሌክትሪክ፦ የተዘነጋ አማና



በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ከተማ አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ ተቃጠለ። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በተነገራቸው ጊዜ እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን አስገንዝበው፣ ሰዎች ሲተኙ እንዲያጠፉት አዘዙ። ይህን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። በጃቢር (ረ.ዐ.) በኩል በተላለፈው ሌላ ሐዲሥም ማታ መብራት የሚጠፋበት ምክንያት ተገልጿል፤ ይኸውም አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን ከነሰዎቹ ልታቃጥል ስለምትችል ነው።

ዛሬ በከተማ ቤቶቻችን ኩራዝ እምብዛም አይታይም። በዚህም የተነሳ ይህ ትምህርት የቀድሞ ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሁንና እሳቱ ቦታ ለወጠ እንጂ ከቤታችን አልወጣም። ከኮርኒሱ በላይና በግድግዳው ላይ በተዘረጋው ሽቦ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያድራል። አይጧም ብትሆን አልሄደችም፤ የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ እየቀረጠፈች ናት።

ቤቱ ያኔና ዛሬ

በአዲስ አበባ፣ በኮልፌም ሆነ በመርካቶ ዙሪያ፣ እስካሁን ሰው የሚኖርባቸው ብዙ አሮጌ ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ መብራት ሲገባላቸው ቤተሰቡ የሚፈልገው ሁለት ሦስት አምፖልና አንድ ራዲዮ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ በኋላ ደግሞ፣ በቀበሌ ቤቶች የውስጥ መስመሩን ማደስ የማን ድርሻ እንደሆነ ሳይለይ ዓመታት ያለፉባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በግል ቤቶችም ቢሆን ጣሪያው ሲያፈስ ይጠገናል፣ ግድግዳው ሲላላጥ ይቀባል፤ ሽቦው ግን ስለማይታይ ይረሳል።

በዚያው ሽቦ ላይ ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ማፍያ፣ ካውያና የስልክ ቻርጀር ተጨምረዋል። ለተማሪዎች የምናስተምረው ቀላል ስሌት የልዩነቱን መጠን ያሳያል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የመሣሪያውን ዋት ለ220 ስናካፍል በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር እናገኛለን። የ60 ዋት አምፖል ሩብ አምፔር ገደማ ብቻ ይወስዳል። የ3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ይህም በአንድ ጊዜ ወደ 60 የሚጠጉ አምፖሎችን እንደማብራት ነው። የ2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ሲጨመርበት ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። በዚህ ላይ በሽቦው የሚያልፈው አምፔር በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ የሚጨምረው በአራት እጥፍ ነው። ሙቀቱ ልባሱን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ በተለይም ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ በታሰረበት ቦታ ይበረታል። ከሥሩ ደግሞ የደረቀ እንጨት አለ።

ቫልቮላው ሲቃጠል

ቫልቮላ ወይም ብሬከር የተቀመጠው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም መስመሩን ቆርጦ ቤቱን ለማዳን ነው። ሲቃጠል ወይም ሲወድቅ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ «ሽቦው አልቻለም»።

ይህን ማስጠንቀቂያ በምን እንደምንመልሰው ሁላችንም እናውቃለን። ረመዷን ነው እንበል፤ መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ሾርባው በምድጃ ላይ ነው፣ እንጀራው በምጣድ ላይ ነው፣ ሳምቡሳው ገና አልተጠበሰም። በዚህ መሐል መብራቱ ድርግም ይላል። አንዱ ተሯሩጦ የተቃጠለውን ቀጭን ሽቦ ያወጣና በቦታው ወፍራም ሽቦ ይጠመጥማል። ሌላው ደግሞ የ16 አምፔሩን ብሬከር በ32 ይለውጠዋል። ኢፍጧሩ በሰላም ያልፋል፤ ቤቱ ግን ጠባቂውን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ከአቅም በላይ ሲጫንበት የሚቃጠለው ቫልቮላው አይሆንም፤ ሽቦው ራሱ ነው።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። በተለመደው አሠራር ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይገባል። ምጣድ ደግሞ ባለ 4 ሽቦ ሆኖ ከማከፋፈያ ሣጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም።

«ምጣዱ ይነዝራል»

እናቶቻችን «ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል» ሲሉ እንሰማለን፤ እንደ ቀላል ነገር ተለምዷል። ነገር ግን ባለ 10 ዋት አምፖል የሚወስደው 45 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህን ያህሉ በደረት ካለፈ ሰውን ሊገድል ይችላል። የሚነዝር ዕቃ የውስጥ ሽቦው ከብረቱ ጋር የተነካካ ዕቃ ነው። በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞ የሚጋግር፣ ወይም ዉዱእ አድርጎ እጁን ሳያደርቅ ስፒና የሚነካ ሰው ከሁሉም በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

መከላከያው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት ነው፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ጨርሶ የለም። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ማፈንገጡን አውቆ በቅጽበት የሚያጠፋ ልዩ ብሬከር ነው። ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የሚል የተጻፈበት ሲሆን፣ «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ በየጊዜው ተጭኖ መፈተን ይገባል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሰበቡን ሳናደርስ

አደጋ ከደረሰ በኋላ «የአላህ ውሳኔ ነው» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ከአላህ (ሱ.ወ.) ውሳኔ ውጭ የሚሆን የለም። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሽቦን ማሳደስ ግመልን እንደ ማሰር ነው። ከዚህም ሌላ ቤቶቻችን ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው፤ ከአንድ ቆጣሪ ሁለት ሦስት አባወራ የሚጠቀምበት ግቢም አለ። በእኛ ቤት የተነሳ እሳት የጎረቤትን ልጆች ይዞ ይሄዳል። የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሙስሊም አይነገርም።

ምን እናድርግ?

ገንዘብ የማይጠይቀውን ዛሬውኑ እንጀምር። ምጣድ ሲበራ ምድጃውና የውኃ ማፍያው ይጥፉ። ከተጋገረ በኋላ የምጣዱ፣ ከተተኮሰ በኋላ የካውያው ስፒና ይነቀል። የሞቀ ሶኬት፣ የጠቆረ ስፒና፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ምጣድ ሲበራ የሚደበዝዝ አምፖል ከታየ ያ መስመር ይዘጋ፣ ባለሙያም ይጠራ።

ቀጥሎ ባለሙያው ዋናውን መስመር ዘግቶ ማከፋፈያ ሣጥኑን፣ መጋጠሚያዎቹንና የኮርኒሱን ሽቦ ይመርምር፤ በሽቦ የታሰረ ቫልቮላ ካለ በትክክለኛው ይተካ። ከዚያም አቅም እንደፈቀደ በቅደም ተከተል የምጣዱ መስመር፣ ኧርዙ፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከር፣ በመጨረሻም የቤቱ ሽቦ በሙሉ ይታደስ። ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር መንካት ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ሥራ ነው። እቁብ ሲወጣ ትልቅ ቴሌቪዥን ወይም አዲስ ሶፋ ከመግዛታችን በፊት ይህን ብናስቀድም፣ ለቤተሰባችን ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ልጆቻችንም ይህን ይወቁ፦ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው በእጅ አይነካም፤ መጀመሪያ ዋናው ማጥፊያ ይዘጋል፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው። በኤሌክትሪክ በተነሳ እሳት ላይ ውኃ አይደፋም። እሳቱ ከበረታ ዕቃ ለማውጣት ሳይሞከር ሰው ሁሉ ይውጣ፤ በአዲስ አበባ በ939 ይደወል።

ዛሬ ማታ ከዒሻእ በኋላ ከመተኛታችን በፊት ቤታችንን አንድ ጊዜ እንዙር፤ የማያስፈልገውን እንንቀል፣ የሞቀውን እንለይ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን ሱንና ነውና ከአላህ ዘንድ ምንዳውን እንከጅላለን። አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንንና ልጆቻችንን ከእሳት ይጠብቅልን። አሚን።