የማያነበው በረኛ

ጦር ኃይሎች አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ጀማሪ ደራሲ ልብ ወለዱን ጽፎ ቢጨርስ፣ የመጽሐፍ ገበያው ቅርቡ ነው። ከባቡሩ መነሻ ተሳፍሮ፣ በልደታ አልፎ ለገሃር ቢወርድ መጽሐፍ ሻጮቹን ያገኛቸዋል። ረቂቁ ግን እነርሱ ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት፣ በአገራችን በኅትመት በር ላይ ማን ቆሞ እንደኖረ ማየት ይበጃል።

መጀመሪያ የጠፋው የማተሚያ ማሽኑ ነበር። ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ውስጥ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ፣ በ1914 ነው።

ማሽኑ ሲገኝ ሳንሱር በሩ ላይ ቆመ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደራሲው በወጣትነቱ የጻፈው ሆኖ ሳለ፣ ለረጅም ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲነበብ ኖሮ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደራሲውን ወጪ ይሸከም ነበር፤ ከለላ ግን አይሆነውም ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ራሱ በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ።

በ1985 የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ዛሬ በሩን የያዘው ገንዘብ ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር የኅትመት ዋጋውም ይንራል። አሳታሚዎች ጥቂት ናቸው፤ ስሙ ገና ያልታወቀ ደራሲ ላይ ገንዘባቸውን ለማዋል ይፈራሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ የራሱ አሳታሚ ይሆናል። ይቆጥባል፣ ይበደራል፣ ከዘመድ ያሰባስባል።

አካሄዱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ረቂቁ ይተየባል፤ ፊደሉ ይለቀማል፤ ገጹ ይቀናበራል፤ የሽፋን ሥዕል ይሠራል። ከዚያ ከሁለት ሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ በአብዛኛው 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ 210 ገጽ የሆነ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ቢቀነስለት በ13 እጥፍ፣ በ208 ገጽ ያልቃል፤ ካልተቀነሰለት 14ኛው እጥፍ ይጨመራል፣ አብዛኛው ገጽም ባዶውን ይከፈልበታል። ቅጂዎቹ ከታተሙ በኋላ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። ሒሳቡንም የሚያወራርደው ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ነው። ደራሲው ይህን ሳያሰላ ዋጋ ከተመነ፣ መጽሐፉ ተሸጦ አልቆም እዳው ይቀራል።

ገንዘብ ከቀደሙት በረኞች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ አያነብም። ሳንሱሩ ለክፋትም ቢሆን እያንዳንዱን ገጽ ያነብ ነበር። አሳታሚውም አርታኢ ነበረው። ዛሬ ክፍያውን የፈጸመ ሰው ማንም ሳያነብለት መጽሐፍ ሊያወጣ ይችላል። በየመደርደሪያው መካከሉ የላላ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩ ልብ ወለድ የሚበዛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሌላ አገር ረቂቁን የማንበቡን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈቻቸው ሁለት ልብ ወለዶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2019 ነው። ሁለተኛው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የሚተርከው፣ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር በቅቷል። በዚያ ዓለም ወኪል ረቂቁን ለአሳታሚ ያቀርባል፤ አሳታሚው ለደራሲው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ አርታኢው ደግሞ «ይህ ምዕራፍ ይውጣ» ለማለት ይደፍራል።

እኛ ዘንድ ያንን አንባቢ ደራሲው ራሱ ፈልጎ ማምጣት አለበት። ዘመድ ይራራል፤ ጓደኛ ያሞግሳል። የሚበጀው ረቂቁን ለጥቂት ወራት አስቀምጦ በአዲስ ዓይን ማንበብ፣ ቀጥሎም ሥራውን ለሚያውቅ አርታኢ ከፍሎ መስጠት ነው። ገንዘቡ ካነሰ ከቅጂው ቁጥር መቀነስ ይሻላል፤ የጎደለ ቅጂ በድጋሚ ኅትመት ይሟላል፣ ስሕተቱ ግን አንዴ ከታተመ አንባቢ እጅ ይገባል።

መዘግየት አያሳፍርም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአርበኝነት፣ በግዞትና በዲፕሎማሲ ሥራ ኖረዋል። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም የደራሲን ሥራ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ ለመጽሐፉ ይህን ያህል ዕድሜ ካሰበለት፣ ደራሲው አንድ ዓመት ጨምሮ ቢያርመው አይበዛበትም።