ጃኬቱ አልሆነም፤ ይቀየር ወይስ ይጠበብ?

ልኩ ያልሆነ ጃኬት የገዛ ሰው ሁለት መሄጃ አለው፤ ወይ ወደ ሻጩ፣ ወይ ወደ ልብስ ሰፊው። ብዙዎቻችን ግን ሦስተኛውን እንመርጣለን፤ ቁም ሳጥኑን። ጃኬቱ እዚያ ተሰቅሎ ይከርማል፣ «አንድ ቀን አሳይቼ አስተካክለዋለሁ» ይባልለታል፣ በመጨረሻም አንዴ እንኳ ሳይለበስ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል። ወንድምየውም አይሆነውም።

ከሁለቱ ብዙም የማይወራለት ልብስ ሰፊው ነው፤ ይኸውም በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ወይም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሌላው የሰፋውን የሚያርመው ባለሙያ። አዲስ ልብስ መስፋትና የተሰፋን ማስተካከል ሙያው አንድ ቢመስልም ሥራው ይለያል። አዲስ የሚሰፋው ጣቃውን ከፊቱ ዘርግቶ እንደ ደንበኛው ልክ ይቆርጣል። የሚያስተካክለው ግን ፋብሪካ ቆርጦ የጨረሰውን ነው የሚረከበው፤ የጎደለውን ጨርቅ ከየትም አያመጣውም። የሥራው ሕግ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ትርፍ ይቀነሳል፣ ጉድለት ግን አይሞላም። ስለዚህ የጠበባችሁን ጃኬት ይዛችሁ ልብስ ሰፊ ፍለጋ አትድከሙ፤ እሱ የሻጩ ጉዳይ ነው። የሰፋችሁ ከሆነ ግን የት ላይ እንደሰፋ መታየት አለበት።

ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ጃኬቱን አስለብሶ ሲያቆመው መጀመሪያ የሚያየው ትከሻውን ነው። ከኋላው ይዞርና እጅጌው ከትከሻው ጋር የተገጠመበትን ስፌት በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ስፌቱ የትከሻው አጥንት የሚያበቃበት ላይ ካረፈ ደህና ነው። ወደ ክንድ ወርዶ ከተንጠለጠለ ሰፍቷል፤ ወደ አንገት ከተሳበ ጠቧል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ወገብና ስለ እጅጌ የሚያወራው።

ትከሻ እንዲህ የሚከበርበት ምክንያት አለው። ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው ተፈትቶ ይወጣል፣ የብብቱ ክብ እንደገና ይቆረጣል፣ የእጅጌው አናትም በአዲሱ ክብ ልክ ተስተካክሎ ይገጠማል። ሁለቱ በደንብ ካልተገናኙ ወይ ትከሻው ላይ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ወይ ክንድ በተነሳ ቁጥር ጃኬቱ በሙሉ ወደ ላይ ይሳባል። ጃኬቱ ገበር ካለው ይኸው ሥራ ለገበሩም ይደገማል። ሊሠራ አይችልም አልልም፤ በደንብ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን ዋጋው ለተራ የዘወትር ጃኬት የሚከፈል አይደለም፤ ለውድ ሱፍ ኮት ወይም ከአባት ለተወረሰ ካፖርት ሲሆን ያምርበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አንዳንድ የዘወትር ጃኬቶች ሆን ተብሎ ትከሻቸው ወረድ እንዲል ተደርገው ነው የሚቆረጡት። ራግላን የሚባለው አሠራር ደግሞ ከነጭራሹ የትከሻ ስፌት የለውም፤ እጅጌው የሚነሳው ከአንገት ሥር ነው። በእነዚህ ላይ በትከሻው ስፌት መፍረድ ስለማይቻል የሚታየው ደረትና ጀርባ ነው።

ለማየትም ጃኬቱን ለብሶ መስተዋት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ብቻውን አይበቃም። ዚፑን እስከ አንገት ዝጉ፤ መሪ እንደያዘ ሾፌር ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ጀርባችሁ ላይ ጨርቁ ከብብት እስከ ብብት አግድም ከተወጠረ ጠቧል። ቀጥሎ ክንዳችሁን አንሱ፤ የጃኬቱ ጠርዝ አብሮ ወጥቶ ሸሚዛችሁን ካጋለጠ ብብቱ ላይ ችግር አለ። እጃችሁን ስታወርዱ ደግሞ እጅጌው አንጓችሁን ሸፍኖ የአውራ ጣታችሁ ሥር ድረስ ቢደርስ ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚሞከረው ከሥር የሚለበሰው ተለብሶ ነው። በሐምሌ ብርድ ከወፍራም ሹራብ ላይ ሊደርበው ያሰበውን ጃኬት በመጋቢት ፀሐይ በስስ ካናቴራ ለክቶ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ክረምቱ ሲገባም ጃኬቱ ጠበበ ብሎ ጃኬቱን ይወቅሳል።

ኮሌታው ሥር የተጻፈውን ቁጥር ማመንም አያዋጣም፤ ትርጉሙን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ጣሊያኖች የወንድ ጃኬት ላይ የሚጽፉት 50 የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 100 ሴንቲ ሜትር ደረት ያለው ሰው 50 ይለብሳል። አሜሪካኖች 40 የሚሉት ደግሞ ያንኑ ደረት በኢንች ለክተው ነው። ኤል እና ኤክስ ኤል የሚባሉት ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ሰንጠረዥ የሚወስናቸው ናቸው፤ ለእስያ ገበያ የተቆረጠ ኤል ለአሜሪካ ገበያ ከተቆረጠው ኤል አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል።

ትከሻው ልክ ሆኖ ከትከሻ በታች ያለው ከሰፋ ልብስ ሰፊው ጋ መሄድ ነው። ቀላሉ ጎን ማጥበብ ነው። የጎኑ ስፌት በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ከፊትም 1፣ ከኋላም 1 ይቀንሳል፤ በሁለቱም ጎን ሲደረግ ከጠቅላላው ዙሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። ይህ ማለት 50ው ጃኬት ወደ 48 ወረደ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አያውቅባችሁም። ሁለት ቁጥር ለማውረድ ሲሞከር ግን ኪሶቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ፣ እጅ ኪስ ውስጥ ሲገባ ክርን ወደ ኋላ ይወጣል፣ ብብቱም ለአዲሱ ደረት ይሰፋዋል። እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ ልኩ መጀመሪያውኑ የሌላ ሰው ነበር።

እጅጌ ማሳጠር የሚወሰነው በእጅጌው ጫፍ አሠራር ነው። ጫፉ ተራ እጥፋት ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም። ገበሩ ከጨርቁ ጋር የተያያዘበት ይተረተራል፣ አዲሱ ልክ በስፒል ይያዛል፣ በደረቅ ሳሙና ይሰመራል፣ ተቆርጦ ይታጠፋል። የጎበዝ እጅ የሚለየው ታዲያ ገበሩ ላይ ነው። ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ትንሽ ላላ ብሎ መቅረት አለበት፤ እኩል ተደርጎ ከተሰፋ ክንድ በታጠፈ ቁጥር እጅጌውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የእጅጌው ጫፍ ላይ ሹራብ መሰል ላስቲክ ያለው ጃኬት ከሆነ ላስቲኩ ተፈትቶ ወጥቶ፣ እጅጌው አጥሮ፣ ላስቲኩ ተመልሶ ይገጠማል። የጅንስ ጃኬት ግን ያስቸግራል፤ ጫፉ ላይ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ ደግሞ ስንጥቅ አለው። ብዙ ከተቆረጠ ስንጥቁ ያልቅና ቁልፉ ለይምሰል ይቀራል። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሚረዝም የጅንስ እጅጌ እኔ መቀየርን እመርጣለሁ።

ቁመት ማሳጠር ቀላል ይመስላል፤ ዚፕ ላለው ጃኬት ግን አይደለም። ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ዚፕ መግጠሚያው ታች ነው፤ ከታች ከተቆረጠ ዚፑ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ዚፑ በሙሉ ተፈትቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትርፉ ከአንገት በኩል ይቆረጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የታችኛው ኪስ ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል።

የጠበበን ማስለቀቅ የማይቻለው ለምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ጃኬቱን ገልብጦ የጎኑን ስፌት ይመልከት። ፋብሪካ ጨርቅ ለመቆጠብ ስፌቱ ዳር የሚተወው ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በኦቨርሎክ ተከርክሟል። ለሰርግ ሱፍ የሚሰፋ ባለሙያ ሙሽራው ነገ እንደሚወፍር ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ትርፍ ይተዋል፤ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ትርፍ ቢገኝ እንኳ የድሮው ስፌት መስመር ጨርቁ ላይ ይታያል፣ በተለይ በታጠበ ጅንስ ላይ፤ ተሸፍኖ የቆየው ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይወጣል።

የጨርቁ ዓይነትም ከልኩ በፊት የሚፈርድበት ጊዜ አለ። ቆዳ አንዴ መርፌ ከገባበት ቀዳዳው አይደፈንም፤ ስህተት ቢሠራ ፈትቶ መድገም የለም። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ስፌቶቹ ከውስጥ በማሸጊያ ተለጥፈዋል፤ ልብስ ሰፊው ሲፈታቸው ጃኬቱ ውኃ ማስገባት ይጀምራል። ላባ የተሞላው ደግሞ አንዱ ክፍል በተከፈተ ቁጥር ላባው ይወጣል፣ የማያውቀው ሰው ከከፈተው ክፍሉ ባዶ ይቀራል። እነዚህ ሦስቱ ልካቸው ካልሆነ ያለ ብዙ ክርክር ይመለሱ።

ስለ ልብስ ስፌት መኪናውም አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት መኪና ስሙ በእኛ አገር ሲንጀር ሆኖ ቀርቷል። በእግር የሚረገጠው ዓይነት መብራት ሲጠፋ ሥራ አያቆምም፤ ባለቤቱ ለዚህ ብቻ እንኳ ቢወደው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጅንስ ጃኬት ላይ አራትና ከዚያ በላይ የተደራረበ ስፌት ሲመጣ የሚወስነው መርፌው ነው። በቀጭን መርፌ ከተሞከረ ይሰበራል ወይም ስፌት ይዘላል፤ 100 ቁጥር መርፌ ያስፈልገዋል። ጃኬታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ባለሙያው ከዚህ በፊት ያስተካከለው ጅንስ ካለ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ፤ ጊዜ የሚያልፍበት የእሱ በር ነውና። ልብስ ሰፊው ዛሬም ነገም አለ። መቀስ ከነካው በኋላ ግን የትኛውም ሱቅ ጃኬቱን አይቀበልም። ስለዚህ የቅደም ተከተሉ ነገር ክርክር የለውም፤ መጀመሪያ መቀየር ይሞከራል፣ አልሆነም ሲባል ወደ መርፌ ይኬዳል።

በብዙ ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ዚፑ የማይዘጋ ወይም ስፌቱ የተተረተረ ጃኬት ከዚህ ይገባል። ልኩ ያልሆነ ጃኬት ግን ጉድለት አለበት ለማለት ይቸግራል፤ ጃኬቱ ጤነኛ ነው፣ የማይሆነው ለእናንተ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስምምነት ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ቤት ሄጄ ካልሆነኝ በሌላ ቁጥር ትቀይርልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሺ ካለ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍላችሁ። ነጋዴ ገንዘብ መመለስ ያመዋል፤ ቁጥር መቀየር ግን ደንበኛ ማፍሪያ ስለሆነ ያን ያህል አይከብደውም፤ ዕቃው ካልተለበሰና መለያ ካርዱ ካልተቆረጠ።

ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣ ጃኬት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነዋሪ በኢንተርኔት የገዛውን ልብስ ከተረከበበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት የመመለስ መብት አለው። ፍራንክፈርት ያለች እህት ለወንድሟ ገዝታ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝታ፣ ሰውየው ደርሶ፣ ወንድምየው ለብሶ እስኪያየው ግን 14ቱ ቀን ያለቀ ነው። ቢያልቅም ባያልቅም ደግሞ ስጦታ አልሆነኝም ማለት ለብዙ ሰው ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ ልኩ ቀድሞ ይላክ። ደህና የሚሆናችሁን ጃኬት ዚፑን ዘግታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ እጅጌ ጫፍ በሜትር ለኩና ሦስቱን ቁጥሮች በቴሌግራም ላኩላት። «ኤል ነኝ» ከማለት ይህ ይሻላል። ከብብት እስከ ብብት ያለውን በሁለት ብታበዙት የጃኬቱን ዙሪያ ታገኛላችሁ፤ እሱ ከደረታችሁ ዙሪያ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ መተንፈሻ አይኖርም።

ቦንዳ የገዛ ሰው መቀየር የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥር፣ እሱም ትናንት ከተፈታው ቦንዳ የወጣ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለማስተካከል ከሁሉም የሚመቸው ይኸው ነው፤ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጨርቁም ብዙ ጊዜ ጥሩ ስለሆነ ለልብስ ሰፊው የሚከፈለው አይቆጭም። ለአዲስ ጃኬት ግን የማስተካከያው ሂሳብ ከጃኬቱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አላስተካክልም፤ ወይ እሸጠዋለሁ፣ ወይ ለሚሆነው ሰው እሰጠዋለሁ።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ጃኬቱ የታጠበ ይሁን፤ ጨርቁ ሊሰበሰብ የሚችለው በመጀመሪያው እጥበት ነው፣ ከተስተካከለ በኋላ መሰብሰብ ከጀመረ ሥራው ባክኖ ቀረ ማለት ነው። እንደሚቀየር ተስፋ ካላችሁ ግን እንዳታጥቡት። በስፒል ተይዞ ሳለ እንደለበሳችሁት ተቀመጡ፣ እጃችሁን ዘርጉ፤ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ ዋጋ የለውም። ባለሙያው ትከሻውን ዳብሶ «ይቅርብህ፣ ይሄ አይሆንም፣ መልሰው» ካላችሁ ደግሞ እሺ የሚል ሌላ ልብስ ሰፊ ፍለጋ ቀጣዩ በረንዳ ላይ አትሂዱ። የራሱን ገቢ ትቶ እውነቱን ነግሯችኋል፤ ጃኬቱን መልሱና ቀጣዩን ሥራችሁን ለእሱ ስጡት።