ስለ አጃቢ፤ ከመሰንቆ እስከ ኮምፒዩተር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ወረታና የፎገራ ሜዳ ሳይደረስ፥ ሐሙሲት የምትባል ከተማ ትገኛለች። በዚህ አገር፥ እንደ ሌላው የጎንደር ምድር ሁሉ፥ የሠርግና የግብዣ ዘፋኝ ሆኖ የኖረው አዝማሪ ነው። አዝማሪ አጃቢ ከሌላ አይሻም፤ አጃቢው በእጁ የያዘው መሰንቆ ነውና። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ስላለው ኮርድ አይሰጥም። ሥራው ዜማውን መከተል፥ ዘፋኙ ሲያርፍ መመለስ፥ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ እስኪሰጥ ድረስም መጠበቅ ነው።

ብቻውን ሆኖ እንደ ሙሉ ባንድ መሰማት የሚፈልግ የጃዝ ተጫዋች ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀው ምሳሌ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 በዚያው ከተማ አኮርዲዮኑን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሳቸው እየተጫወቱ አንዱን በሌላው ላይ ቀረጹ፤ ምቱን የሰጣቸው የከበሮ መኪና ነበር። ይህ ሥራ በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። ለኅትመቱ መነሻ የሆነው ካሴት የተገኘውም ለሐሙሲት ቅርብ በሆነችው በባሕር ዳር ነው።

ዛሬ የከበሮ መኪናውን ቦታ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወርሶታል። በ1990 ፒጂ ሙዚክ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ያወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ተጫዋቹ የኮርዶቹን ስም በየተራቸው ይጽፋል፥ ፍጥነቱንና ስልቱን ይመርጣል፤ ፕሮግራሙም የቤዙን፥ የፒያኖውንና የከበሮውን ድርሻ ያሰናዳለታል። ከዚያ ተጫዋቹ አጃቢውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን መሣሪያ በማይክሮፎን ለብቻው ይቀርጻል። አጃቢው በድምፅ ማጉያ ከተለቀቀ ግን ወደ ማይክሮፎኑ ይገባና በኋላ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማረም ያስቸግራል።

ትልቁ ችግር የሚመጣው የአገርን ቅኝት ለመጫወት ሲታሰብ ነው። የፕሮግራሙ አጃቢ በኮርዶች መለዋወጥ ላይ የቆመ ሲሆን ቅኝት የሚቆመው በአምስት ድምፆች ላይ ነው። ትዝታ በሜጀር ሲቃኝ ድምፆቹ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶልና ላ ናቸው። ፕሮግራሙ በጃዝ ልማድ ወደ ዶ ለመመለስ ሶል፥ ሲ፥ ሬና ፋ ያሉበትን ኮርድ ቢያሰማ፥ ሲና ፋ በትዝታ ውስጥ የሌሉ እንግዶች ናቸው። ዜማው ሳይነካ የትዝታው ጠባይ ይለወጣል። በአንቺሆዬ ደግሞ ይብሳል። የዚህ ቅኝት ድምፆች ዶ፥ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ በግማሽ ዝቅ ያለ ሶልና ላ በመሆናቸው፥ ቤዙ እንደ ልማዱ ዶንና ሙሉውን ሶል ሲያፈራርቅ ከዜማው ጋር ይጋጫል። ምቱም እንዲሁ ነው፤ የጃዝ ስዊንግ አንዱን ምት ሁለት እጅና አንድ እጅ አድርጎ ሲከፍል፥ ችክችካ ግን ስድስቱን አጫጭር ምቶች በሁለትም በሦስትም ያስቈጥራል።

በለንደንና በቦስተን የተማሩት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምሩ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መልሳቸውም የምዕራቡን ኮርዶች በአምስቱ ድምፆች ሥር በጥንቃቄ ማኖር ሆነ። ስለዚህ በቤቱ የሚቀርጽ ሰው ኮርዶቹን ከማብዛት መቀነስ ይሻለዋል። አንድ ኮርድ አቁሞ፥ ቤዙን በቅኝቱ ድምፆች ብቻ በእጁ ቢጫወት፥ የችክችካውንም ከበሮ ከሚያውቅ ሰው ቢያስቀርጽ አጃቢው ለዜማው ይስማማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ልዩነት ይቀራል። መሰንቆው ዘፋኙን ሲከተል ኖሯል፤ አሁን ግን ተጫዋቹ አጃቢውን ይከተላል። ፕሮግራሙ የተቈጠረለትን ያህል ተጫውቶ ያልፋል እንጂ፥ ስንኝ የሚሰጠው ሰው እስኪናገር አይጠብቅም። ከፕሮግራሙ ጋር ብቻ የተለማመደ ወጣት ጊዜ መጠበቅን በሚገባ ይማራል፤ ሰው መጠበቅን ግን መማር የሚችለው ከሰው ጋር ሲጫወት ነው።